ሽማግሌዎቹ የቆሙበት ደጅ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17፣ 1998

ዶሮዎቹ እንቁላላቸውን ደብቀዋል። እነሱም እንደ ሰው ሆኑ። ጎመኑን ውሃ አጠጣሁ። የተከካውን በቆሎ ከባቄላ ጋር ጥጄ እሳቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ወገቤ...

ኖምቩዞ "በየቀኑ ጻፉ፣ ማንም አያየውም፣ ስለ ዶሮም ቢሆን" ብላናለች። ይኸው ስለ ዶሮ ጻፍኩ። ስልሳን አልፌ ፊደል የያዝኩት ካቻምና ነው። እርሳስ ስይዝ መጥረቢያ የያዝኩ ይመስላል። ቢሆንም ይጽፋል።

ያስተማረችኝ ደግሞ የዎንጋ ልጅ መሆኗ! ከሰው ሁሉ የዚያ ሰው ልጅ። በመንደራችን በታፌኒ ለእኛ ለአሮጊቶች የምታስተምር ሌላ የለችም። ምን ላድርግ? ሲጠማ ከጠላት ጉድጓድም ይቀዳል።

ዎንጋን ጠዋት አየሁት። ከወንዙ ማዶ፣ ደጁ ላይ፣ ምርኩዙን ተደግፎ በጎቹን ያያል። እሱም አየኝ። ሰላም አልተባባልንም። ስድስት ዓመት አልተባባልንም።

ለምን እንደሆነ ልጻፈው? መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ያላወቀው ይሄ ወረቀት ብቻ ነው። በ1992 ለልጄ ለሉንጊሳ ኖምቩዞን ብለን ሽማግሌ ላክን። የባሌ ታናሽ ወንድም ዛሚሌ መሪ ሆነ። አፍ መክፈቻውን ብራንዲ ይዞ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ወንዙን ተሻገረ። ዎንጋ ያኔ ጭቃ ሹም ነው፣ ይገዙን የነበሩት ወታደሮች የሾሙት። ሰዎቼን ከጠዋት እስከ ከብት መግቢያ ፀሐይ ላይ አቆማቸው። ማቆሙስ ወግ ነው። የማንንም ሽማግሌ መጀመሪያ ደጅ ያስጠናሉ፣ ልጃቸው ውድ መሆኗን ለማሳየት። በኋላ ግን ያስገባሉ። እሱ ብራንዲውን ተቀብሎ "ሂዱ" አላቸው! ዛሚሌ ማታ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ፣ እግሩ አልቆም ብሎት... ፀሐዩ ነው አለ።

ከወር በኋላ የዎንጋ ቤት ተቃጠለ። እሱም እግሩን በጥይት ተመታ፣ ሐኪም ቆረጠው። ሉንጊሳዬ አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት።

ደግ አደረገ ብያለሁ። ዛሬም እላለሁ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 20

እንቁላሎቹ ተገኙ። አልጋዬ ሥር!

ሐሙስ፣ ማርች 5

የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የሐሙስ ማኅበር ቀን ነው። የማኅበሩን ቀይ ሸሚዝ ለብሼ ልወጣ ስል መኪና መጣ። የሉንጊሳ ጠበቃ፣ ወይዘሪት ጋዳ። ቀጭን ልጅ ናት፣ ጫማዋ ለጭቃ የተሠራ አይደለም። ዳቦ ሰጠኋት፣ ጥሩ አድርጋ በላች። ወደድኳት።

በትግሉ ጊዜ ለተሠራው ወንጀል ምሕረት የሚሰጠው ኮሚቴ ጉዳዩን በኤፕሪል ይሰማል አለች።

"ማማ፣ የሚመዝኑት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሳይደብቅ ሁሉን መናገሩን። ሁለተኛ፣ ያደረገው ለትግሉ መሆኑን። በግል ቂም ከሆነ ምሕረት የለም። አብረውት የነበሩት ሁለቱ ተለቀዋል፣ የእነሱ ግልጽ ነበር። የሉንጊሳ ላይ ግን... ከዎንጋ ጋር የጥሎሽ ጠብ ነበር ይባላል።"

እኔ ሞኝ! ደስ ብሎኝ ጀመርኩላት። ፀሐዩን፣ ብራንዲውን፣ የዛሚሌን ዓይን። እያሳመርኩ! እየጨመርኩበት!

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ማማ፣ ይህን ለማን ለማን ነግረዋል?"

"ለማን ያልነገርኩት አለ?"

"ለፖሊስስ?"

"ሊይዙት ሲመጡ በሬ ላይ ቆሜ ጮኬባቸዋለሁ። 'ልጄ የእናቱን ውርደት ነው ያጠበ!' ብዬ።"

ጭንቅላቷን ያዘች። "መዝገቡ ላይ አይቼዋለሁ። ሌላ ሰው የተናገረው በሆነ እያልኩ ነበር የመጣሁት።"

ማኅበሩ ቀረብኝ። ሸሚዜን ሳላወልቅ እስኪመሽ ተቀመጥኩ።

እሑድ፣ ማርች 8

ቤተ ክርስቲያን። ሰባኪው ስለ ምላስ ሰበከ። ማን ነገረው?

ቅዳሜ፣ ማርች 14

እስር ቤት ሄድኩ። ታክሲው ውስጥ የሰው ሁሉ ጉልበት ሆዴ ላይ።

"ወፍረሃል" አልኩት በመስታወቱ።

"አንቺ ከስተሻል።"

"በዎንጋ ምክንያት ነው። ቂም አልነበረኝም ብለህ ንገራቸው።"

"አልነበረኝም።"

"እንዴት አይኖርህም! ያን ሁሉ ሰዓት አቁሞ፣ ብራንዲያችንን ውጦ..."

"ማማ።" ፈገግ አለ። ያችን የልጅነት ፈገግታውን፣ ስኳር የሰረቀ ጊዜ የሚያሳያትን። "እሱን ነገር ተይው።"

"ለምን እተወዋለሁ?"

"ተይው ብቻ።"

ምን ይደብቃል ይሄ ልጅ? አባቱም እንዲህ ነበር። ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሳንባው ሲበላሽ "ጉንፋን ነው" እያለኝ ሞተ። የዚህ ቤት ወንዶች ዝም ማለት ጀግንነት ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ... እኔ ስለ ሁሉም እናገራለሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 24

ዛሬ ትምህርት ቤት ቀድሜ ደረስኩ። ኖምቩዞ ብቻዋን ሰሌዳ ታጠፋለች። ሁለት ዓመት ስታስተምረኝ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ስለ "ሀ" እና ስለ "ለ" ብቻ። ዛሬ አፌ አልያዝ አለኝ።

"አባትሽ ያን ቀን ለምን እንደዚያ አደረገን?"

ጨርቁን እንደያዘች ቀረች። "ያን ቀን? ማማ፣ ያን ቀን እኮ እኛ ቤት በግ ታርዷል። እናቴ ከጎረቤት ሳህን ተውሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባቴ ያ ቀን እንዳይነሳበት ብሎናል።"

ሌሎቹ አሮጊቶች ሲንጫጩ ገቡ። ስለ ብዙ ቁጥር ተማርን። አንድ ነገር አልገባኝም።

በግ? ለሚያባርረው ሰው በግ የሚያርድ ማን ነው?

ረቡዕ፣ ማርች 25

ዛሚሌ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ጠየቅሁት።

"ዛሚሌ፣ ያን ቀን ደጁ ላይ ቆማችሁ ሳለ የበግ ሥጋ ሸተታችሁ?"

"በግ?" ሆዱን ያዘና በጎሳ ስሜ ጠራኝ። "ማንግዌቩ፣ ሆዴን አሞኛል።"

"የሆድህን አልጠየቅሁም።"

"ንፋሱ... ንፋሱ ወደዚያ ነበር የሚነፍሰው።"

ሐሙስ፣ ማርች 26

ዛሚሌ ማልዶ መጥቶ አጥሬን ጠገነ። ሳልለምነው። ዓለም ልታልፍ ነው?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 22

የኮሚቴው ችሎት ትናንት ነበር። ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ደግሞ እየሳቅሁ መስመሩ ይጣመምብኛል። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ኪንግ ከተማ፣ ትልቁ አዳራሽ። ግማሹ ታፌኒ በአንድ አውቶቡስ ሄዷል። ንግግሩን የሚተረጉም የጆሮ ማዳመጫ ሰጡን። እኔ ጆሮ አፍሪካንስ፣ የነጮቹ ቋንቋ፣ መጣ! ከማኅበራችን ሴቶች አንዷ ቁልፉን ጠመዘዘችልኝ፣ በራሴ ቋንቋ ሆነ።

ሉንጊሳ ኮት ለብሶ ገባ። የማን ኮት ነው? እጅጌው አጠረው። ተናገረ። ጭቃ ሹሙ የሰልፈኞችን ስም ለወታደሮች ይሰጥ ነበር አለ። ሰው ተደበደበ። ትግሉን የሚመራው ድርጅት ጭቃ ሹሞቹ ሥልጣን ይልቀቁ አለ፣ ዎንጋ እንቢ አለ። "ቤቱን እንድናቃጥል ተወሰነ። ሰው እንዲወጣ መጀመሪያ ጣራው ላይ ድንጋይ ወረወርን። እሱ ጠመንጃ ይዞ ወጣ፣ እኔ ተኮስኩ" አለ።

ከዚያ የዎንጋ ጠበቃ ተነሣ። መነጽር ያደረገ።

"የዎንጋን ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ልከህ ተባረዋል። እውነት ነው?"

"አልተባረሩም።"

"እናትህ በተያዝክበት ቀን ምን እንዳሉ ላንብብልህ።" አነበበው። "ልጄ የእናቱን ውርደት ነው ያጠበ።" የራሴ ቃል፣ በዚያ አዳራሽ፣ በሁሉም ጆሮ፣ በሁሉም ቋንቋ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

"እናትህ ዋሽተዋል?"

"እናቴ አልዋሸችም።"

"ታዲያ ያን ቀን ምን ሆነ?"

ያጠረውን እጅጌ ሳበ።

ሰብሳቢው ዳኛ ወደ ፊት አጎነበሰ። ሽበታም ሰው ነው፣ ድምፁ ደግ። "ልጄ፣ እዚህ ግማሹን ተናግረው ግማሹን የሚውጡበት ቦታ አይደለም። ከደበቅህ ምሕረት ልንሰጥህ አንችልም። ይገባሃል?"

"ይገባኛል። ይቅርታ፣ ክቡር ዳኛ። የሌላ ሰው ነገር ነው።"

ወይዘሪት ጋዳ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ አሥራ ስምንቱን ዓመት አየሁት። ሲፈታ እኔ አፈር ነኝ።

ከዚያ ዎንጋን ጠሩት። ወደ ፊት ሲሄድ የሱሪው አንድ እግር ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ስድስት ዓመት በወንዝ ማዶ ሳየው ይህን ቁልፍ አላየሁትም። ማን ይሆን የሚቆልፍለት? ሚስቱ ሞታለች። ኖምቩዞ መሆን አለበት፣ በየጠዋቱ፣ እኛን ለማስተማር ከመምጣቷ በፊት።

"የመጣሁት ይሄ ልጅ ለምን እንደተኮሰብኝ ላውቅ ነው" አለ።

"ሽማግሌዎቹን አባረሩ?" አለው ዳኛው።

"የትኞቹን ሽማግሌዎች?"

ዎንጋ ምርኩዙን መሬት ላይ ተከለ።

"ይመጣሉ ተባልኩ። በግ አረድኩ። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳህን ተዋሰች። ቀኑን ሙሉ ደጅ ደጁን አየን። ከብት ገባ። ማንም አልመጣም። የናቁት እነሱ ናቸው። ልጄን ናቋት።"

እኔ ተነሣሁ። መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። "ውሸታም! ብራንዲያችንን ጠጥተህ!"

"ማንግዌቩ!" ዞረብኝ። "እኔ ሜቶዲስት ክርስቲያን ነኝ! ብራንዲ በአፌ ዞሮ አያውቅም!"

"ማማ፣ ይቀመጡ" አለ ዳኛው።

"አልቀመጥም!"

"ማማ፣ ቆመው ልጅዎን አይረዱትም።"

ተቀመጥኩ። ያኔ ከኋላዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

"እኔ ነኝ።"

ዛሚሌ። ባርኔጣውን እንደ ዳቦ ሊጥ ያሻል።

"ምንዎ ነው?" አለ ዳኛው።

"ብራንዲውን የጠጣሁት።"

ወደ ፊት ወሰዱት፣ አስማሉት። እንዲህ አለ፣ እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ፦

"ወንዙ ጋ ዛፍ አለ። ቀኑ ይሞቅ ነበር። ሦስታችንም ትንሽ እንረፍ አልን። ያኔ ደግሞ፣ ክቡር ዳኛ፣ ሐሰተኛ ብራንዲ የሚሸጡ ነበሩ። የሰው ቤት ይዘን ሄደን ሐሰተኛ ቢሆንስ? የቤታችን ስም ነው። እንቅመሰውና እንወቅ ተባባልን።"

"ከዚያስ?"

"እውነተኛ ነበር።"

አዳራሹ ፈነዳ! ዳኛው ፊቱን በወረቀት ሸፈነ፣ ትከሻው ግን ይታያል። የተርጓሚዋ ሳቅ በጆሮዬ ገባ። የዎንጋ ጠበቃ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ገና የማንን አንገት እንደማንቅ አልወሰንኩም ነበር።

"ሁለቱ ሞተዋል" አለ ዛሚሌ። "ተገላገሉ። እኔ ቀረሁ። ሉንጊሳ እንዴት ሆኑ ብሎ ሊያየን ሲመጣ ዛፉ ሥር ተኝተን አገኘን። አዝሎ ነው የወሰደኝ። ለእናትህ አትንገር፣ አባረሩን እላታለሁ፣ በሚመጣው ሳምንት ሌላ ጠርሙስ ይዤ ሄጄ አስተካክለዋለሁ አልኩት። እሺ አለኝ። በሚመጣው ሳምንት፣ በሚመጣው ሳምንት ስል..."

"ቤቱ ተቃጠለ" አለ ዳኛው። አሁን ማንም አልሳቀም።

ሉንጊሳን ድጋሚ ጠየቁት። ለምን ደበቅህ?

"ታናሽ አባቴ ነው። አባቴን በሰው ፊት ሰካራም እንዴት እላለሁ?"

"ልትታሰር?"

"ታስሬ ነው የመጣሁት፣ ክቡር ዳኛ። መታሰር አውቅበታለሁ። ይኼኛውን አላውቅበትም።" ከዚያ ወደ ዎንጋ ተመለከተ። "ልጅዎን ላገባ ነበር የምፈልገው። እርስዎም አልከለከሉኝም። ያን ሌሊት ወደዚያ ቤት መሄድ ከሦስታችንም ለእኔ ነበር የከበደኝ። የሄድኩት ስለተወሰነ ነው። የተኮስኩት እኔ ነኝ።"

ዳኛው ዎንጋን ሌላ የሚሉት አለ ወይ አለው። ሰውየው የታጠፈውን የሱሪ እግር አስተካከለ።

"ይቅር ማለት ሌላ ነገር ነው፣ አትጠይቁኝ። እግሬ አልተመለሰም። ግን በሴት ጠብ ነው እየተባለ ሲወራ እሳቱን ልጄ ያመጣችብኝ መስሎኝ ስድስት ዓመት በክፉ ዓይን አይቻታለሁ። በእሷ ካልሆነ... በሥራዬ ከሆነ ይገባኛል። ስም ሰጥቻለሁ። የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

እየተባለ ሲወራ። ማን ነበር የሚያወራው? በማን አፍ?

ስንወጣ ደረጃው ላይ ተገጣጠምን። እሱ በምርኩዙ፣ እኔ በወገቤ።

"ማንግዌቩ" አለኝ።

"ዎንጋ" አልኩት።

ይኸው ነው። ስድስት ዓመት የቆየ ሰላምታ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 2

ዛሚሌን በልብስ ማጠቢያው ዱላ እስከ ወንዙ አባረርኩት። ለስልሳ ዓመት ሰው ጥሩ ይሮጣል። ጎረቤት ወጥቶ አየ። ጥሩ ነው፣ ይየው። ሲመለስ አበላሁት፣ ምን ላድርግ? ሻይ ሰጠሁት። እንደ መድኃኒት ፊቱን አጨማድዶ ጠጣው። ከኪንግ ከመጣን ወዲህ አፉ ላይ ሌላ አላኖረም ይላል። አየዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 19

ውሳኔ የለም። ዶሮዋ ጫጩት ፈለፈለች።

ማክሰኞ፣ ጁን 23

ብርድ። ውሳኔ የለም። ወይዘሪት ጋዳ ዳኞቹ ብዙ ጉዳይ አለባቸው፣ አትጨነቁ አለች። አትጨነቁ! እናት ሆና ትየው።

ከትምህርት በኋላ ቀረሁ። ሰሌዳውን እኔ አጠፋሁላት።

"ኖምቩዞ፣ በእኔ አፍ የተጎዳሽው አንቺ ነሽ።"

"ማማ፣ በእርስዎ አፍ ያልተጎዳ የታፌኒ ሰው ካለ ያሳዩኝ።" ትስቃለች! እኔ ለማልቀስ ነበር የተዘጋጀሁት።

"ቢለቀቅስ... ትፈልጊዋለሽ ወይ?"

"አያስቅም? ስለ እኔ በግ ታርዷል፣ ብራንዲ ተጠጥቷል፣ ዳኛ ተቀምጧል። እኔን የጠየቀ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም።"

"ይኸው ጠየቅሁሽ።"

"እርስዎ አያገቡኝም፣ ማማ። ይምጣና ይጠይቀኝ። ሳየው እነግረዋለሁ።"

እሑድ፣ ጁላይ 19

ሰባኪው ስለ ትዕግሥት ሰበከ። ይሄ ሰውዬ ቤቴን በመስኮት ያያል እንዴ?

ረቡዕ፣ ኦገስት 12

የሱቋ ባለቤት ከኮረብታው ላይ ጮኸች። "ማንግዌቩ! ስልክ! ሩጪ!" ሮጥኩ። እኔ! አንድ ጫማዬ መንገድ ቀረ።

"ማማ፣ ተሰጠው" አለች ወይዘሪት ጋዳ።

"ምን ተሰጠው?"

"ምሕረት! ለፖለቲካ ነው፣ በግል ቂም አይደለም፣ ሁሉንም ተናግሯል ብለዋል። በሙሉ ድምፅ!"

ስልኩን ጣልኩት። አንስተው ሰጡኝ፣ ድጋሚ ጣልኩት። ሱቁ ውስጥ ጨፈርኩ፣ በአንድ ጫማ፣ በዱቄት ከረጢቶቹ መሃል። የምን ወገብ! ሴቶቹ እልል አሉ፣ እልልታው ወንዙን ተሻገረ። ዎንጋ ደጁ ወጥቶ ቆመ። ምን እንደሆነ ገብቶታል። ወደ ቤት አልተመለሰም፣ እስክንጨርስ ቆሞ ሰማ።

ዓርብ፣ ኦገስት 14

ቤት ነው። ልጄ ቤት ነው።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 15

ሲበላ አየሁት። ሲተኛ አየሁት። በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። "ምን ሆንክ?" አልኩት። "ከውስጥ እጀታ አለው" አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሲከፍትና ሲዘጋ ዋለ፣ ዶሮዎቹ ግራ ገባቸው። ዝገቱ ሲጮህ ዘይት ልቀባው አለ። ተወው አልኩት፣ እንደዚያ ይጩህልኝ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 6

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወንዙን ተሻገረ፣ ብቻውን። እኔ ጎመን የማጠጣ መስዬ ከዚህ አያለሁ። ከጎመኑ ይልቅ እግሬን አጠጣሁ። ደጁ ላይ ቆመ። ዎንጋ ወጣ። ሁለቱም ቆሙ... ቆሙ... ከዚያ ዎንጋ በምርኩዙ አንድ ነገር አመለከተ።

ሲመለስ "ምን አለህ?" አልኩት።

"ይቅርታ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ከዚያ የበረቱ አጥር ወድቋል አለኝ።"

"ሌላስ?"

"ነገ በጠዋት ና አለኝ።"

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 11

ሳምንቱን ሙሉ አጥር ሠራ። ዎንጋ ወንበር አስወጥቶ አጠገቡ ተቀምጦ ስህተት ይነቅሳል። ያ ምሰሶ ጠመመ፣ ያ ሽቦ ላላ። ዛሬ እንዲህ አለው አሉ፦ "አንተ ልጅ፣ ተኩስህ ከአጥርህ ይሻላል።"

ሉንጊሳ መዶሻውን አወረደ። ኋላ ሽማግሌው ራሱ መሳቅ ጀመረ፣ እስኪያስለው ድረስ። ኖምቩዞ ውሃ ይዛ ወጣች። ለአባቷ ሰጠች። ቀጥሎ ለልጄ ሰጠች።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 22

"ጠየቀኝ" አለችኝ ኖምቩዞ ከትምህርት በኋላ።

"እና?"

"አየሁት። አርጅቷል።" ጠመኔውን ከእጇ አራገፈች። "እኔም አርጅቻለሁ። እሺ አልኩት።"

የትምህርት ቤቱን ደወል ደወልኩት! ማንም ሳይኖር!

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 1

ዎንጋ አጥሩ ሲያልቅ ሉንጊሳን "የእናንተ ቤት ሽማግሌዎች አሁንም መንገድ ላይ ናቸው?" ብሎ ጠየቀው።

የቤተሰብ ጉባኤ ተቀመጥን። ዘመዶቹ ሌላ መሪ እንምረጥ አሉ፣ ዛሚሌ አሳፈረን። ዛሚሌም ራሱን ደፍቶ ልክ ናችሁ አለ። እኔ አይሆንም አልኩ። ያላደረሰው ራሱ ያድርሰው! ቀና ብሎ አየኝ፣ ዓይኑ ቀልቷል። ዛሬ ግን በብራንዲ አይደለም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 9

ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጨርቁን ሰፋሁት። በድርብ ክር። ዛሚሌ ሲያየው "ማንግዌቩ፣ አታምኝኝም?" አለ።

"አምንሃለሁ። ቀኑን ነው የማላምነው፣ ሊሞቅ ይችላል።"

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 10

ጎህ ሲቀድ ሄዱ። ሴት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም፣ ስለዚህ ወንበሬንና ደብተሬን አውጥቼ ከዚህ አያለሁ። እያየሁ እጽፋለሁ።

ዛፉ ጋ ደረሱ... እግዚአብሔር ሆይ... አለፉት! ዛሚሌ ወደ ዛፉ ዘወር እንኳ አላለም። ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፏል።

ወንዙን ተሻገሩ። በረቱ ደጅ ቆሙ፣ ሉንጊሳ በሠራው አጥር አጠገብ።

ማንም አልወጣም።

ፀሐይዋ ወጣች። ዛሚሌ ባርኔጣውን አስተካከለ። የዎንጋ ቤት መጋረጃ ተንቀሳቀሰ፣ መልሶ ተዘጋ። አዩአቸው! አይተው ዝም አሉ!

አንዲት ልጃገረድ ወጣች፣ ባልዲ ይዛ በፊታቸው አለፈች፣ እንዳላየች። ጎበዝ!

አሁን ደግሞ አንድ የዎንጋ ዘመድ በር ላይ ወጥቶ ጮኸ። እስከዚህ ተሰማ። "እናንተ እነማን ናችሁ? ዘግይታችኋል! በጉ ስድስት ዓመት ቀዝቅዟል!" ብሎ ተመልሶ ገባ። ከቤት ውስጥ ሳቅ ወጣ። የዎንጋን ሳል ለየሁት።

ሉንጊሳ ከኋላዬ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። "ማማ፣ አስገቧቸው?"

"አላስገቧቸውም።"

"ምን ያህል ያቆሟቸዋል?"

"ውድ ልጅ ናት። ገና ናቸው።"

በዎንጋ ቤት በር ኖምቩዞ ብቅ ብላ ወደዚህ ማዶ ተመለከተች። እኔን ነው? ልጄን ነው? እጇን ልታነሳ ስትል ከውስጥ ጎትተው አስገቧት።

እኩለ ቀን ሆነ። ለዛሚሌ ጥላ የለም፣ ውሃ የለም፣ ላቡን በክንዱ ይጠርጋል፣ ጠርሙሱ ጨርቁ እንኳ አልተፈታም። ምነው እንዲህ ደስ አለኝ? ብቻዬን ስስቅ ዶሮዎቹ ሸሹ። ዎንጋ ራሱ ወጣ፣ ምርኩዙን ተደግፎ ከላይ እስከ ታች አያቸው፣ ወደ እኔም አየ፣ ባርኔጣውን ነካ አደረገልኝ። ከዚያ ገብቶ በሩን ዘጋባቸው።

እግዚአብሔር ይመስገን። አሁንም ፀሐይ ላይ ቆመዋል።